ግራ የገባው ጉርድ ፎቶግራፍ

የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬ ጊዜው አልፎበት የበሩ ጥበቃ በየማለዳው በጎሪጥ ሲያየኝ ስለሰነበተ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጉርድ ፎቶግራፍ ልነሳ ወጣሁ። ሥራዬ በማተሚያ ቤት አራሚነት ነው። ሌሎች የጻፉትን እያነበብኩ ስህተት እለቅማለሁ። ይህ ሥራ ሲቆይ ጠባይ ይሆናል። ባለቤቴ እንደምትለው፣ ሰው እያወራ እንኳ የጎደለች ነጠላ ሰረዝ የምፈልግ ሰው ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው፣ በሰው ጨዋታ ለምን ጥልቅ እንዳልኩ አንባቢ እንዳይገረም ነው።

ፎቶ ቤቱ በአንድ ጫማ መሸጫና በአንድ መድኃኒት ቤት መካከል የተጨመቀ ጠባብ ክፍል ነው። ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር፣ ፊት ለፊቱ ማበጠሪያ በሲባጎ የታሰረበት ትልቅ መስታወት፣ ከወዲያ ጥግ ደግሞ ውኃ ሰማያዊ መጋረጃና አንዲት ክብ በርጩማ አሉ። ኮት ላልያዘ ደንበኛ በውሰት የሚሰጥ ኮት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ስንት ትከሻ እንደዞረ እንጃ፣ እጅጌው ነትቧል።

ስገባ መብራት ጠፍቶ ነበር። ፎቶ አንሺው፣ «አረፍ ይበሉ ጋሼ፣ ከመጣ ቶሎ ይመጣል» አለኝ። ይህ አባባል እንዴት ቢታረም እንደሚሻል እያሰብኩ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ከእኔ በፊት የመጡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የለበሰች የልጅ ልጃቸው ናት። ሰላምታ ተለዋወጥን። ሽማግሌው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ እንደኖሩ ነገሩኝ፤ የእኔንም ሥራ ጠየቁኝ። አራሚ መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«እንግዲያው የተማሩ ነዎትና ይፍረዱን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅቷ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ጠለቅ ተደርጎ የሚሰጥበት አዲስ ልዩ ክፍል ተከፍቷል። የሚገቡበት በፈተና ተመርጠው ነው። ሌላው ተማሪ ወደ ቤቱ ሲሄድ እነሱ ይቀራሉ፤ ቅዳሜም ይማራሉ። ልጅቷ ፈተናውን አልፋለች። የቀረው ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛ ጽሕፈት ቤቱ ዛሬ ሳይዘጋ መድረስ ነው። ካልደረሰች ቦታው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይሰጣል።

«እናቷ ሥራ ላይ ስለሆነች እኔ ይዣት መጣሁ እንጂ ሐሳቡ የእኔ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ትናንት እራት ላይ ‹ትገቢያለሽ ወይስ አትገቢም?› ብለን ጠየቅናት። ‹አይገባኝም› አለች። ሌላ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ መሪ ስጨብጥ ነው ያረጀሁት። ሞተሩ አልችልም እያለ ነዳጅ የሚረግጥ ሹፌር፣ ሹፌር አይባልም።»

ልጅቷ ወለሉን ታያለች። ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«አባቴ፣ ልጅ ሞተር አይደለችም» አልኳቸው። «ሞተር በሠራ ቁጥር ያልቃል። አእምሮ ግን በሠራ ቁጥር ይበረታል።»

ይህን ስናገር ራሴን በጣም ወደድኩት። እሳቸው ግን እንዲህ በዋዛ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። የሰፈራቸው አንድ ልጅ ሲያጠና ሲያጠና ብቻውን ማውራት መጀመሩን አነሱ። ልጅ መተኛት፣ መጫወት፣ ከጓደኛ ጋር መሳቅ አለበት፤ ዕድሜ ሲሄድ ማን ይመልስላታል? ዓይኗስ? እኔም ሥራ ልጅ እንደማያሳብድ፣ እንቅልፏም ጨዋታዋም በሰዓት ቢደለደል እንደሚዳረስ፣ ቀላል ነገር የለመደ ሰው ከባዱ ሲገጥመው እንደሚደነግጥ አስረዳሁ። ፎቶ አንሺው ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል።

«እሺ» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። «ገብታ ቢከብዳትስ? መመለስ ይቻላል?»

«ይቻላል» አለች ልጅቷ፤ ድምጿን የሰማሁት ያኔ ነው። «ግን ሁሉም ያውቃል።»

ስንቱ ልጅ በሰው ፊት ወድቆ እንደሚሰበር አሰብኩና ልቤ ፈራ። «እውነት ለመናገር» አልኩ፣ «ለሁሉም ሰው የሚሆን አይደለም። ምናልባት ብትቆይ...»

«ለሁሉም ሰው?» አሉ ሽማግሌው። «የእኔ ልጅ ሁሉም ሰው ናት እንዴ? ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ አንደኝነቱን ለማንም ያላስነካች ልጅ ናት። ሰፈር ውስጥ ‹ጎበዟ› ነው የምትባለው። እሷ ያልገባች ማን ሊገባ ነው?»

እኔ ልጅነቷ ያሳስበኛል ስል፣ እሳቸው ልጅ በሥራ አይጎዳም ሲሉ፣ ፎቶ አንሺው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «አባት፣ ጋሼ፣ ቦታ ተቀያይራችኋል እኮ» አለን። እውነቱን ነበር። እሳቸው የእኔን፣ እኔ የእሳቸውን ክርክር ይዘን እየተሟገትን ኖሯል። መቼ እንደተለዋወጥን ሁለታችንም አላወቅንም።

«አሁን ግቢ የሚለኝ ማን ነው?» አለች ልጅቷ፤ ማሾፏ አልነበረም፤ የምር ጠፍቷት ነው። ቀጠለችና፣ «ደግሞ እኔ ያልኩት ሌላ ነው፣ አባባ። ትምህርቱ አይገባኝም አላልኩም። ቦታው አይገባኝም ነው ያልኩት» አለች።

‹ይገባል› የሚለው ቃል በሥራዬ ስንት ጊዜ እንዳመሰኝ ልናገር። ሰው ቤት ይገባል። ነገር ይገባዋል። ሽልማት ይገባዋል። ቃል ይገባል። ግራ ሲጋባም ‹ግራ ገባኝ› ይላል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አንድ ግስ ነው። የአንዲት ልጅ ቤተሰብ ሌሊቱን ሙሉ ‹ትምህርቱ ከብዷት ነው› እያለ ሲጨነቅ አድሯል፤ ልጅቷ ግን ‹የምመጥን አይደለሁም› ማለቷ ነበር።

«ለምን አይገባሽም?» አልኳት ለስለስ ብዬ። «ፈተናውን አልፈሽ የለ?»

«የምሸመድድ ልጅ ነኛ» አለች። «ደብተሩን ከነነጥቡ እሸመድዳለሁ። ፈተናው ላይ የሸመደድኩት መጣ፤ ጻፍኩት። ከዚያ የተመረጥነውን ሰብስበው ሲያስተዋውቁን፣ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ። መልሱን ተናገርኩ። ‹ትክክል፤ ለምን?› አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቆምኩ፤ ቆሜ ቀረሁ። እዚያ ብገባ ሳምንት ሳይሞላኝ ይነቃብኛል።»

የተጨነቀችው ለእንቅልፏም ለጨዋታዋም አልነበረም። ‹ጎበዟ› የሚለው ስሟ ሊወድቅ ነው። አዘንኩላት።

ሽማግሌው ግን ጭራሽ ግራ ተጋቡ። «ደብተሩን ይዤ የማስጠናት እኔ ነኝ» አሉ። «በቃሏ ስትወጣው አንድ ቃል አትስትም። ማጥናት ማለት ሌላ ምንድን ነው?»

«አባቴ» አልኳቸው፣ «እኛ ዘንድ ያለው ማተሚያ ማሽንም የሰጡትን ሲያትም አንድ ቃል አይስትም። ስለ ምን እንዳተመ ቢጠይቁት ግን አያውቅም። አንድ ቃል አለመሳትና ማወቅ ይለያያሉ። የሸመደዱት ነገር ፈተናው እስኪያልፍ ነው የሚቆየው። የገባዎት ነገር ግን ቢረሳ እንኳ መንገዱን ስለሚያውቁት ተመልሰው ይደርሱበታል።» ወደ ልጅቷም ዞሬ፣ ያ ክፍል የተከፈተው ሁሉ ነገር ለገባቸው ልጆች እንዳልሆነ፣ እንዲያ ቢሆንማ አስተማሪ እንደማያስፈልገው፣ ያልገባትን ለይታ ማወቋ ራሱ ትልቅ ነገር እንደሆነ ነገርኳት። «ካልገቡበት አይገባም» አልኳት።

«ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለች፤ እንዳልገባት ያስታውቃል። «ግን መጠየቅ አልችልበትም። እኔ እጄን የማወጣው መልስ ሲኖረኝ ብቻ ነው።»

ስለ መጠየቅ ጥቅም ብዙ ልል እችላለሁ፤ ሰው እንዲጠይቅ ማድረግ ግን በንግግር አይሆንም። ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። መብራቱ አሁንም አልመጣም።

ፎቶ አንሺው ልጅቷን፣ «ነይ እስቲ፣ እስኪመጣ ፀጉርሽን አስተካክይ» አላት። መስታወቱ ፊት ቆመች። «አሁን ግራ ትከሻሽን ትንሽ ዝቅ» አለ። እሷም መስታወቱን እያየች ቀኙን ዝቅ አደረገች። «ግራሽን» አለ። ቀኙን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመችና ራሷን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«መስታወት ግራን ቀኝ፣ ቀኝን ግራ አድርጎ ያሳያል» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ላይና ታችን የማይገለብጠው ለምንድን ነው? ለምን ራሴ ከታች፣ እግሬ ከላይ አልሆነም?»

«ይህማ ቀላል ነው» አልኩና ተነሳሁ። መስታወቱ ፊት ቆሜ ማስረዳት ጀመርኩ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ። ቀኝ እጄን አነሳሁ፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግራውን አነሳ። ሽማግሌው አጠገቤ መጥተው የእሳቸውን አነሱ። ፎቶ አንሺው መጀመሪያ እጁን አነሳ፤ ቀጥሎ አንገቱን ወደ ጎን ሰበረ፤ ከዚያ ጨርሶ በጎኑ ሊተኛ ምንም አልቀረው። አንዲት ሴትዮ በሩን ከፈት አድርጋ ሦስት ትልልቅ ሰዎች መስታወት ፊት እጃቸውን ሰቅለው ስታይ ምንም ሳትል መልሳ ዘጋችው።

«ከኋላዬ የሚመጣውን መኪና በመስታወት ሳይ ነው ዕድሜዬ ያለቀው» አሉ ሽማግሌው እጃቸውን ሳያወርዱ። «አንድ ቀን ይህን አልጠየቅኩም።»

«እኔም ዘወትር ከዚህ መስታወት ጋር ነው የምውለው» አለ ፎቶ አንሺው። «አላውቅም።»

ልጅቷ ሦስታችንንም አየች። «ማንም አያውቅም ማለት ነው?»

«እዚህ ያለነው አናውቅም» አልኳት። «አንቺ ግን ጠየቅሽ። እጅሽንም አላወጣሽ፣ መልሱም አልነበረሽ። ታዲያ ተነቃብሽ?»

ትንሽ አሰበች። «የተነቃውስ በእርስዎ ላይ ነው፣ ጋሼ» አለችና ድንግጥ ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች። አያቷ ሊቆጡ ሲሉ እኔ ቀድሜያቸው ሳቅኩ፤ እሳቸውም ተከተሉኝ።

ይኸኔ መብራት መጣ። ፎቶ አንሺው ተመልሶ ሳይጠፋብን ብሎ ልጅቷን በርጩማዋ ላይ አስቀመጠና አነሳት። ሐሳቧ ገና መስታወቱ ላይ ነበር። «አንዴ ልድገመው፤ ፈገግ በይ» አለና አንድ ጨመረ። ሁለቱንም አሳየን። በሁለተኛው እንደማንኛውም ሰው ጉርድ ፎቶግራፍ ቆንጆ ሆና ፈገግ ብላለች። በመጀመሪያው ግንባሯ ተኮማትሯል፣ ዓይኗ ጠበብ ብሏል፣ ከንፈሯ አንድ ነገር ሊል ተከፍቷል።

«ይሄኛው ግራ የገባው ነው» አለ ፎቶ አንሺው የመጀመሪያውን። «ላጥፋው።»

«አይ» አለች። «እሱ ይሁን። አባባ፣ ልግባ?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «ግቢ» አሉ። «ሲገባሽ ግን ለእኔም ንገሪኝ።»

ጽሕፈት ቤቱ እንዳይዘጋባቸው ተጣድፈው ሲወጡ ከፊት ከፊት የሚሄዱት ሽማግሌው ነበሩ። እኔም ተራዬ ደርሶ ተነሳሁ፤ ፎቶዬ ላይ አፌ ተከፍቶ ወጣሁ።

ከወራት በኋላ ሁለቱን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በልዩ ክፍሉ አንደኛ አልወጣችም፤ ወደ አንደኝነትም ገና አልተጠጋችም። መጀመሪያ ሰሞን እያለቀሰች ወደ ቤት የገባችባቸው ቀናት እንደነበሩ አያቷ አልደበቁኝም። ዛሬ ግን ደብተር ይዘው ቃል አይቆጣጠሯትም፤ ደብተሩን ከድነው ‹ለምን?› ይሏታል፤ እስኪገባቸው አይለቋትም። ለእሳቸው ስታስረዳ ለራሷ ይበልጥ ይገባታል። ስትሸመድድ የሚያልፈው ሰዓት ስለተረፈ ከበፊቱ የተሻለ ትተኛለች። የመስታወቱንም ነገር እዚያው መንገድ ዳር አስረዳችኝ። መስታወት ግራና ቀኝን አያለዋውጥም፤ የሚያዞረው ፊትና ኋላን ነው፤ ግራ የሚጋባው ተመልካቹ ነው አለችኝ። ደግማ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። ደገመችልኝ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን ‹ጎበዝ› ስትሉ ስሙ ሸክም እንዳይሆንበት ተጠንቀቁ፤ አልገባኝም ለማለት የሚፈራ ልጅ መቼም አይገባውም። ተማሪዎችም፣ ከባድ ክፍል ደጃፍ ላይ ስትደርሱ ‹ይገባኛል ወይ?› እያላችሁ ውጭ አትቁሙ። የቃሉን ትርጉም ሁሉ የምታገኙት ውስጥ ነው።

ልንለያይ ስንል አያቷ የተማሪነት መታወቂያዋን እንድታሳየኝ አዘዟት። ያው ፎቶግራፍ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጀመሪያ ቀን አይቶት፣ «ምነው፣ ሲያነሱሽ ግራ ገብቶሽ ነበር?» ብሎ ጠይቋት ኖሯል።

«ምን አልሽው?» አልኳት።

«እየገባኝ ነበር አልኩት።»