ዕቃ ሊያግዝ የመጣው

ሸሕዲ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ስንኖር፣ ጋሽ ታደለ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ ነበሩ። እዚያው ግቢ የሚኖር ደስታው የሚባል ትራክተር ነጂ በውሃ ወረፋ ተጣላቸውና የቤታቸውን በር ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ «ይህ ሰውዬ የዘንድሮን ሰሊጥ አጨዳ እዚህ ባያይ ደስ ይለኛል» ብሎ። ጋሽ ታደለን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ስልኬን ተቀብሎ አነበበና፣ «ደስ ይለኛል ነው ያለው፤ ሐሳቡን ነው የተናገረ። እጁን ካነሳ ኑ» አለን።

በሳምንቱ ጋሽ ታደለ አይሱዙ አቁመው ዕቃቸውን ማስጫን ጀመሩ። ጎረቤት ሲለቅ ማገዝ ያለ ነው፤ ሁላችንም ወጣን። ደስታውም መጣ። የስፌት መኪናቸውን ብቻውን ተሸክሞ ሲወጣ ሳየው አንገቱን ላንቀው ምንም አልቀረኝ። እሱ ግን አይሱዙው ላይ አስቀምጦት ተመለሰና፣ «ጋሼ፣ እኔ እርስዎን እነካለሁ? የንዴት ወሬ እኮ ነው፤ አጥፍቸዋለሁ» አላቸው።

ጋሽ ታደለ ትከሻውን ያዙት። «አንተንማ አውቅሃለሁ ልጄ፤ ከአንተ አይደለም የምሸሸው። ከጽሑፍህ ስር ‹በሩን አይተነዋል› ያሉህን ሰዎች ግን ታውቃቸዋለህ?»

አያውቃቸውም። ሁላችንም ዞር ብለን በሩን አየነው።