የጋሼ ፎርቲፎር

ወደ ኢስት ፖይንት በሚሄደው ባቡር ከፊቴ ሁለት አበሾች ተቀምጠው ያወራሉ። ሽማግሌው ፓይን ሌክ የሚባል ሰፈር ሱቅ አላቸው፤ ወጣቱ ኤርፖርት ይሠራል።

«ሻጩ ትንሿን ሽጉጥ ሬኮሜንድ አደረገልኝ። ‹ትልቁን አምጣ!› አልኩት። ፎርቲፎር ሪቮልቨር ገዝቼ ወገቤ ላይ ሻጥ!»

«ተኩሰው ሞከሩት፣ ጋሼ?»

«አንዴ። ወደ ኋላ ዘሎ ግንባሬን አለኝ። ዒላማው ምንም አልሆነም።»

«ታዲያስ?»

«ለስለስ ያለ ጥይት ገዛሁ። የሽጉጡ ክብደት ግን ያው ነው።»

«ሌባ መጥቶብዎት ያውቃል?»

«ባለፈው ሳምንት። ቢላ ይዞ ‹እጅ ወደ ላይ!› አለኝ። እጄን ሳነሳ ሱሪዬ ከነሽጉጡ ዱብ!»

«ኦ ማይ ጋድ! ሌባውስ?»

«እንባው እስኪመጣ ስቆ ባዶ እጁን ሄደ።»

«እግዜር አተረፈዎት።»

«እሱንም ነው ያተረፈው። ጢም እንኳ አላወጣም እኮ። ያ ጥይት አግኝቶት ቢሆን እናቱ ምን ትቀብር ነበር?»



«እና ሽጉጡን መለሱት?»

«የምን መመለስ! ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ማንገቻ ገዛሁለት።»

ሽማግሌው ሊወርዱ ሲነሱ እግሬን ሰብስቤ ሰፊ መንገድ ለቀቅኩላቸው።