ፍራሽ ስር የተደበቀ ዳቦ

ከያቤሎ ወደ ነገሌ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ያለችው ሴት የልጅ ልጃቸው የሚያድግበት የሕፃናት ማሳደጊያ ሞግዚት መሆኗን አወቁ።

«ልጁን ልወስደው ነው የምሄደው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ሌባ ሆነ አሉኝ።»

«አልሰረቀም፣ አባባ። የራሱን ዳቦ ነው ፍራሹ ስር የሚደብቀው፣ ነገ አጣለሁ ብሎ።»

«ገረፋችሁት?»

«ልቆጣው ስል ጓደኞቹ ‹ተዪው፣ እኛም ስንመጣ ደብቀናል› አሉኝ። ከዚያ ከራታቸው እየቆረሱ እዚያው ፍራሹ ስር ያስቀምጡለት ጀመር።»

«ያ ዋቃ፣ አምላኬ! አሁንስ?»

«አሁንማ መደበቁን ትቷል። ሰሞኑን አንድ አዲስ ልጅ ሲያለቅስ ውሎ ቢተኛ፣ የልጅ ልጅዎ የራሱን ዳቦ ወስዶ በዚያ ልጅ ፍራሽ ስር አደረገለት።»



«እንግዲህ... አይቼው ብቻ እመለሳለሁ።»

ለመንገድ የያዝኩትን ዳቦ ነገሌ እስክንገባ ድረስ አልቀመስኩትም።