የጅብ ጥላ ያጣላቸው

ላፍቶ ውስጥ በስሙ የማልጠራው አረምም ሆነ ጢንዚዛ የለም፤ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። ትናንት መካኒሳ አቦ ታክሲ ውስጥ ስገባ ከፊቴ ባልና ሚስት ይነታረካሉ።

«ጠዋት ከአዲሱ ጎረቤታችን ጋር የት ነበርሽ?»

«ወንዝ ዳር የጅብ ጥላ እያየን።»

«ዝናቡ ካባራ በኋላ የምን ጥላ ነው?»

«እንጉዳይ ነው ባክህ፣ የማይበላው! ተንበርክኬ ፎቶ አነሳሁት።»

«እኔን አንድ ቀን ተንበርክከሽ አንስተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አንተም ከዝናብ በኋላ ብቅ በላ!»

«ሳቂ አንቺ። ሰውየው ምኑ ነው እንዲህ የጣመሽ?»

«የሁሉንም ስም ያውቃል። የአረሙን፣ የጢንዚዛውን...»

«የእኔንስ?»

«እሱን አልጠየቀኝም።»

ባልየው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ከእሱ ይልቅ በቅናት ድብን ያልኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ለቡ መብራት ኃይል በመስኮት ያየሁትን አረም ሁሉ ጮክ ብዬ በስሙ እየጠራሁ ሄድኩ፣ ያላመነ ሄዶ ረዳቱን ይጠይቅ።