ራጅ የለበሱት መጻሕፍት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ዘቢደር እንድርያስ
ዕድሜ፦ 54
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ፣ ካራ
ሥራ፦ የምንጭ ሜዳ ሆስፒታል የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ
ቀን፦ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቃል ተቀባይ፦ ም/ሳጅን ዶርቃ ሰላሙ

የምመሰክረው ትናንት በሆስፒታላችን በር ላይ በመጽሐፍ ሌብነት ተጠርጥሮ ስለተያዘው ስለ ይማም ነው። ይማም ቁራሌው ነው፤ በካራና በላምበረት መካከል እየዞረ አሮጌ ዕቃ ይገዛል። ሌባ አይደለም። ይህ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

ሆስፒታሉ ሥራ ከጀመረ ገና ወር አልሞላውም። እኔ የተቀጠርኩት ግድግዳው ቀለም ሳይቀባ ሲሆን፣ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተሰጠኝ ደረጃ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ከጡረተኛ ሐኪሞች እየለመንኩ ያሰባሰብኳቸውን መጻሕፍት መደርደሪያ ስላልነበረ በካርቶን አስቀመጥኩ። ሽፋናቸው የተቀደደውን ራጅ ክፍል በጣላቸው ፊልሞች ለበድኳቸው። ሐኪሞቹ «የዘቢደር የሙታን አልበም» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ፤ ፊልሙ ውሃ አያስገባም።

ባለፈው ሳምንት ለምረቃው እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ የጽዳት ዘመቻ ተደረገ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ያረጀ ነገር ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። ለስብሰባ ሲ.ኤም.ሲ ሄጄ ስመለስ ካርቶኖቹ የሉም። የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ባሮክ አሮጌ ወረቀት መስሏቸው ከተሰባበረው ወንበር ጋር ለቁራሌው እንዲሰጥ አዘው ኖሯል። ላምበረት የደረሰ መጽሐፍ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ እንደሚያልቅ ስለማውቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትናንት ጠዋት ግን በመስኮት ስመለከት ይማም ጋሪውን እየገፋ በበሩ ሲገባ አየሁ። ሲገባ እንጂ ሲወጣ አልነበረም። ጥበቃው አቶ ኤጀታ በዘመቻው ቀን ተረኛ ስላልነበሩ የሚያውቁት መጻሕፍት መጥፋታቸውን ብቻ ነው። ካርቶኑን ከፍተው ሲያዩ ይማምን አንገቱን አነቁት። የተሰበሰበውም ሰው «ሌባ ተይዞ ዱላ ይጠየቃል ወይ» ማለት ጀመረ። ሮጬ መሐል ገባሁ። ለምን እንዳመጣቸው ይማምን ብጠይቀው፣

«እናቴ፣ የሰው ደረት ያለበትን እንዴት በኪሎ ልሽጥ? የበሽተኛ ማኅደር መስሎኝ ነው። ባለቤቱ መታከሚያ ቢያጣስ?» አለኝ።

ፖሊስ አስቀድሞ ተጠርቶ ስለነበር ይማም ከነጋሪው ወደ ጣቢያ ተወሰደ። እኔም ዛሬ አቶ ባሮክን ይዤ መጥቻለሁ። ትእዛዙ የእርሳቸው መሆኑን በራሳቸው አንደበት አምነዋል። አንድም መጽሐፍ አልጎደለም። አቶ ባሮክ ለክብር እንግዶች ማረፊያ የተዘጋጀውን ሰፊ ክፍል፣ ወደ እንጦጦ ከሚያየው መስኮቱ ጋር፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ሰጥተዋል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም። የመጀመሪያው የአባልነት ካርድ የይማም ነው።

ቃል ተቀባይዋ የሕፃናት ሕክምናውን መጽሐፍ ሲያገላብጡ አይቻለሁ። መዋስ ከፈለጉ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ያለ ፊርማ መጽሐፍ አይወጣም። ይህም ይጻፍልኝ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ አዳምጫለሁ። የተጻፈው ያልኩት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት የምጠየቀው እኔ ነኝ።

የምስክር ፊርማ፦ ዘቢደር እንድርያስ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ዶርቃ ሰላሙ

ማስታወሻ፦ ተጠርጣሪው ይማም የምስክሯ ቃል እንደተፈረመ ተለቋል። መጻሕፍቱ የተጫኑበትን ጋሪ ምስክሯ ራሳቸው እየገፉ አብረውት ከጣቢያው ወጥተዋል።