ዘሊካ በሯን ዘግታ የምትሠራው

ሀይደር ጣና ዳር በተገለበጠች ጀልባ ላይ ጎንበስ ብሎ በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ጥጥ ይጠቀጥቃል። እጁ ሥራ ላይ ቢሆንም ልቡ ቤቱ ነበር። ሚስቱ ዘሊካ ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ በር መቀርቀር አምጥታለች። ትናንት ጆሮውን ጣል ቢያደርግ ከስልኳ የጎረምሳ ድምፅ ሰማ፤ «ቀስ ብላችሁ ተነሡ፤ ትንፋሻችሁን አትያዙ» ይላል። ዘሊካ ከጡት ካንሰር ከዳነች ወዲህ ሀይደር ውሃ እንኳ አያስቀዳትም። እንዲህ ለምትጠበቅ ሴት የምን መነሣት ነው?

«እንደምን ዋሉ ጋሼ? የጎርጎራው ጀልባ መቼ ይነሣል?»

ሀይደር ቀና አላለም። ድምፁን አውቆታል፤ ትናንት ከዘሊካ ስልክ የሰማው ነው።

«ተቀመጥ፣ ይመጣል። ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?»

«ባምላክ እባላለሁ፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሆስፒታል ታካሚዎችን እንቅስቃሴ አሠራለሁ።»

«በስልክም ታሠራለህ አሉ።»

«አዎን፣ ከካንሰር የዳኑ ሴቶችን በኢንተርኔት በነፃ አሠራለሁ። ከእንፍራንዝና ከጎርጎራ በየጊዜው መመላለስ አይችሉም። አሁንም የአንዷ ስልክ ስለተበላሸ በአካል ላሳያት እየሄድሁ ነው።»

«እነማን ናቸው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የማንንም ስም አልናገርም።»

ሰው ሲጠረጥር ምስጢር ጠባቂና ጥፋት ሸሻጊ አንድ ይሆኑበታል። ሀይደርም ጥጡን ጣለ።

«የሰው ሚስት ስታስነሣና ስታስቀምጥ ትውላለህ፤ ስሟን ስትጠየቅ ትደብቃለህ። ዛሬ በነፃ ነው፤ ነገ ምን ልትሸጡላት ነው?»

«የምንሸጠው የለም። ካሜራ ቢከፍቱ አቋማቸውን አይቼ አርማለሁ፤ ካልፈለጉ ይዘጉታል።»

«ከሞት የተረፈች ሴት ማረፍ ነው ያለባት። ያንተን ያህል አልተማርሁም፤ ይህን ግን አውቃለሁ።»

«በቀዶ ጥገናው ሰሞን ልክ ነዎት። ከዚያ በኋላ ግን ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች አጥንት ያሳሳሉ። መቀመጥ ሲጨመርበት ይብሳል፤ አጥንት ሸክም ካልተሰማው፣ ጡንቻም ካልጎተተው እየደከመ ይሄዳል። እንዲህ የሆነ ሰው ትንሽ ቢደናቀፍ ዳሌው ሊሰበር ይችላል።»

«እናንተ ስታሠሯት ብትሰበርስ?»

«ለዚህ ነው አስቀድሞ ሐኪም የሚያያቸው። ለሁሉም አንድ ዓይነት አንሰጥም፤ አጥንቷ በጣም የሳሳባትን ሴት ወገቧን እንዳታጎብጥ እንከለክላለን። እንቅስቃሴው መድኃኒቱንም አያስቀርም።»

ሀይደር ማመን አልፈለገም።

«ነገሩ ስለ ባለቤትዎ ከሆነ» አለ ባምላክ ቀስ ብሎ፣ «እኔን ሳይሆን እሳቸውን ይጠይቁ።»

ሀይደር ቤት ሲደርስ ዘሊካ ወንበር ላይ ሆና ስትሰግድ ቆይታ ሶላቷን ጨርሳለች።

«ያንን ልጅ አገኘሁት።»

«ምን አደረግኸው?»

«ምንም። ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርህ ተቀመጪ ትለኛለህ።»

ሀይደር የበሩን መቀርቀሪያ አየ።

«ባልዲ ባነሣ ትነጥቀኛለህ። ደጅ ብወጣ ሰው ታስከትልብኛለህ። ወላሂ ሀይደር፣ ካንሰሩ እንኳ እንዳንተ አላስቀመጠኝም። እኔ ግንባሬን መሬት አስነክቼ፣ ማንም ሳይደግፈኝ መነሣት ነው የምፈልገው። የምማረውም እሱን ነው።»

ሀይደር ሲጠብቃት የከረመ መስሎት ነበር። እሷ ግን እንደ እስረኛ ጠባቂ እንደምታየው አሁን ሰማ።

«በሚቀጥለው ልይ?» አለ።

«ዝም ብለህ የምታይ ከሆነ።»

በቀጣዩ ትምህርት ጥግ ይዞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ስልኩን በጎሪጥ እያየ ተቀመጠ። ዘሊካ በእጇ ሳትደገፍ ከወንበር ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ ደግማ ተነሣች። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ሀይደር ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ።

ወራት አለፉ። ዘሊካ ደጃፍ ስትሻገር መንገዳገዷ ቀረ፤ ግማሽ ባልዲ ውሃ ራሷ ታነሣለች። መድኃኒቷንም አላቋረጠችም። ሐኪሙ አጥንቷ ከነበረበት እንዳልባሰ ነገራት። አንድ ቀን ግንባሯን መሬት አስነክታ ከሱጁድ ብቻዋን ስትነሣ ሀይደር ከኋላዋ ነበር፤ እጁን ሊዘረጋ ብሎ ሰበሰበው። አሁን ከካንሰር የዳነ ሰው ያላቸውን የሐይቁ ዳር ወንዶች ሲያገኝ፣ «አታስቀምጡት፤ ሐኪም ጠይቃችሁ አንቀሳቅሱት» ይላቸዋል።

ባምላክ በአንድ እግር መቆም ሊያስጀምራት ሲል አጠገቧ ጽኑ መደገፊያ እንዲኖር አሳሰበ። ሀይደር ወፍራም እንጨት ልጎ በግድግዳው ላይ፣ በወገቧ ልክ፣ አጥብቆ መታላት። በሙሉ ክብደቱ ተጭኖ ሞከረው፤ አልነቃነቅ አለ። ፍቅፋቂውን ጠርጎ መላጊያውን ከበሩ ኋላ አስቀመጠ።