የ«ንፋስ» ውድድር ብስክሌት መሥራች አቶ ፈለቀ ገብረ ሥላሴ

አቶ ፈለቀ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ሥላሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልጋነሽ በ1957 ዓ.ም. በጌሻ ወረዳ በደካ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በቀርከሃ ቤት የሚሠሩ ሰው ስለነበሩ፣ እሳቸውም ፊደል ሳይቆጥሩ የቀርከሃን ጠባይ አውቀው አደጉ።

ቦንጋ ተምረው እዚያው የእጅ ሥራ መምህር ሆኑ። ተማሪዎቻቸው ስለ መጋዝ የተማሩትን ቢረሱም ስለ መምህራቸው ታላቅነት የተማሩትን ግን እስከ ዛሬ አልረሱትም። በ1986 ዓ.ም. ይህን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ የእኔ ታናሽ እህት ከሆነችው ከወይዘሮ ተሾመች ጋር ተጋብተው፣ እሷ የቻለችውን ሁሉ ችላ፣ ኢያሱንና ዝማሬን ወለዱ።

በ2008 ዓ.ም. ከቤታቸው ጓሮ «ንፋስ»ን መሠረቱ፤ አካሉን ከጌሻ ቀርከሃ እየሠሩ፣ ጎማውን፣ ፍሬኑንና ማርሹን ከአዲስ አበባ እያስመጡ የውድድር ብስክሌት ማምረት ጀመሩ። እውነት ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ግሩም ነበሩ፤ ዝማሬም በእነሱ እየጋለበች ብዙ ወንዶችን ከኋላዋ አስቀርታለች።

በ2012 ዓ.ም. ግን ከላይ የሚመጡ እንግዶች አዲሱን ምርት በውድድር መርቀው ፎቶ እንዲነሡ ተባለ። ቀርከሃ በበጋ ተቆርጦ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ እንዳለበት እያወቁ፣ እንግዳ አላሳፍርም ብለው በሐምሌ አስቆርጠው፣ በእሳት አቻኩለው፣ ስንጥቁን በቫርኒሽ ሸፈኑት። ከውድድሩ የረዘመ ንግግር ከተደረገ በኋላ ዝማሬ ቁልቁለቱን ስትወርድ ብስክሌቱ ከሥሯ ለሁለት ተሰበረ፤ ቀኝ እግሯም ከዚያ ወዲህ አልተቃናም። እንግዶቹ በዚያች ሰዓት ምሳ ላይ ነበሩ።

አቶ ፈለቀ ልጃቸው ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ጥፋቱ ፍሬን አያያዝ ያለማወቋ መሆኑን ለጠየቃቸው ሁሉ አስረዱ። ገዢ ጠፍቶ «ንፋስ» ሲዘጋ፣ የአባቷን ድርጅት የዘጋችው ልጅ ተባለች። እዚህ ከቆማችሁት ብዙዎቻችሁ ብላችኋል፤ አንገታችሁን መድፋት አያስፈልግም፣ ሁላችሁንም አውቃችኋለሁ።

በስኳር ሕመም ብዙ ጊዜ ሲሠቃዩ ያጠበቻቸውም፣ ያጎረሰቻቸውም እያነከሰች ዝማሬ ናት። ከማረፋቸው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ለእኔ ብቻ፣ «ቀርከሃው እርጥብ ነበር፤ አውቅ ነበር» አሉኝ። በሚቀጥለው ክፍል ነበረችና ልጥራት ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ በእኛ መካከል ይቅር ብለው ተማፀኑኝ። ቃል አልገባሁላቸውም።

አቶ ፈለቀ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተሾመችን፣ ልጃቸውን ኢያሱን፣ እንዲሁም ምንም ያላጠፋችውን ልጃቸውን ዝማሬን ትተው በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ምሕረቱ የማያልቅ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል። እናንተ ግን ወደ ድንኳኑ ከመመለሳችሁ በፊት ለልጅቷ የምትሉት አለ፤ ከመቃብሩ አጠገብ ቆማለች።